የጊታሬን ሲንግል ኮይል ፒክአፖች እንዴት መርጬ ቀየርኩ

ጊታሬ በስትራቶካስተር ቅርፅ የተሠራ ርካሽ ጊታር ነው። አንገቱ ለእጅ ይመቻል፣ ቅኝቱንም ይይዛል፣ ድምፁ ግን ያናድዳል። በተለይ የብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ጫፍ) ፒክአፕ። ፒክአፕ ማለት የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና የሽቦ ጥምጥም ነው፤ ሲንግል ኮይል የሚባለው አንድ ጥምጥም ብቻ ያለው ነው። ክሊን (ያለ ዲስቶርሽን) ስጫወት ጆሮ ይወጋል፣ ዲስቶርሽን ስጨምርበት ደግሞ ሁሉም ነገር ይጨማለቅና የትኛው ኖት የት እንዳለ አይለይም። ጊታሩን ለመሸጥ ሁሉ አስቤ ነበር። ግን እኮ አንገቱን እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ፒክአፑን ብቻ ልቀይር አልኩ።

ፒክአፕ ፍለጋ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የማስታወቂያ ቋንቋ ነው። «ሞቅ ያለ»፣ «ጣፋጭ»፣ «የድሮ ቃና»። ከዚህ ምንም አይገኝም። እኔን የረዳኝ የማልወደውን ነገር በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ብሪጁ ቀጭን ነው፣ መሃሉ ባዶ ነው። አንገቱ ጋ ያለው ደህና ነው፣ ትንሽ ደብዛዛ ቢሆንም። ጂ ክር ከሌሎቹ በላይ ይጮኻል። በቃ፣ ይቺን ወረቀት ይዤ ነው የገባሁበት።

ምንም ከማዘዜ በፊት ካቻቪቴ አንስቼ የነበሩትን ፒክአፖች ከፍታ አስተካከልኩ። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ አናት ያለውን ክፍተት ትለካላችሁ። የስትራቶካስተር አምራች ፌንደር ለድሮ ዓይነት ፒክአፖቹ የሚመክረው በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መነሻ ነው፣ ሕግ አይደለም። በጣም ካስጠጋችሁት ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ወፍራሙን ኢ ክር ከላይ ባሉት ፍሬቶች ስትመቱት ሁለት ያልተቃኙ ድምፆች አንድ ላይ የወጡ ይመስላል። ብዙ ሰው ያኔ ብሪጁን ሲያስተካክል ይውላል፣ ጥፋቱ ግን የፒክአፑ ከፍታ ነው።

ከዚያ የላይኛውን ፕላስቲክ ፈትቼ ውስጡን አየሁ። ከፒክአፖቹ ሥር ጥቁር የሴራሚክ ማግኔት ተለጥፏል፣ ከላይ የሚታዩት ስድስቱ ምሰሶዎች ተራ ብረት ናቸው። በባህላዊው አሠራር ግን እያንዳንዱ ምሰሶ ራሱ ማግኔት ነው፤ አልኒኮ ከሚባል፣ ከብረት፣ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ከተቀላቀለ ነገር የተሠራ። ሴራሚክ ሁልጊዜ መጥፎ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ሴራሚክ ያላቸው ግሩም ፒክአፖች አሉ። ዋናው ልዩነት የብረት ምሰሶው ጥምጥሙ ውስጥ መቀመጡ የድምፁን ጠባይ መቀየሩ ነው፣ ከላይ ያለውን ጥራት ይቀንሰዋል።

አሁን ትልቁ ግራ የሚያጋባ ነገር፦ ኪሎ ኦም። ሻጮች ሁሉ ይጽፉታል፤ ገዢዎችም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኃይሉ ይጨምራል ብለው ያነቡታል። የድሮ ዓይነት የስትራቶካስተር ፒክአፕ ከ5.5 እስከ 6.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ግን ይህ የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ቀጠን ያለ ሽቦ (ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል) ለተመሳሳይ ዙር ብዙ ኪሎ ኦም ያሳያል፤ ስለዚህ በ43 ቁጥር ሽቦ የተጠመጠመ 7 ኪሎ ኦም እና በ42 ቁጥር የተጠመጠመ 7 ኪሎ ኦም አንድ አይደሉም። ይበልጥ የሚናገረው ኢንዳክታንስ ነው፣ በሄንሪ የሚለካው። ለድሮ ዓይነት ድምፅ 2.2 እስከ 2.5 ሄንሪ አካባቢ ፈልጉ። ከ3 በላይ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሞላል፣ ላይኛው ብልጭታ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር የማይጽፍ ሻጭ ብዙ ነው። ስትጠይቁት የሚመልስላችሁን አምራች እኔ ከሌላው አስቀድመዋለሁ።

የአልኒኮ ቁጥሮችም እንዲሁ ያሳስታሉ፤ ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃ አይደለም። አልኒኮ 3 ከአልኒኮ 2 ይደክማል። አልኒኮ 5 ከሁለቱም ይጠነክራል፣ ቤዙ ጠበቅ ያለ፣ ከላይም ጥርት ያለ ነው። አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል። እኔ ለአንገትና ለመሃል አልኒኮ 5፣ ትንሽ ዙር ያለው፣ ለብሪጁ ደግሞ ያው አልኒኮ 5 ሆኖ ዙሩ በዛ ያለና ከሥሩ የብረት ሳህን ያለው መረጥኩ። ክሩ ብሪጁ አጠገብ ብዙም ስለማይወዛወዝ ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ብሪጁ ሁልጊዜ ቀጭን ይሆናል። ሳህኑ ደግሞ ከታች ትንሽ ሥጋ ይጨምራል።

ጂ ክር ለምን ይጮኻል? የድሮዎቹ ፒክአፖች ምሰሶ ቁመት እኩል አይደለም። ስትራቶካስተር በ1954 ሲወጣ ጂ ክር ላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ነበር፣ ድምፁም ደከም ይል ስለነበር ምሰሶውን ከፍ አደረጉለት። ዛሬ አብዛኞቻችን ያልተጠመጠመ ጂ እንጠቀማለን፣ እሱ ደግሞ በራሱ ኃይለኛ ነው። የድሮውን መልክ ለመጠበቅ ብለው አሁንም ከፍ አድርገው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። እኔ እኩል ምሰሶ ያለውን ወሰድኩ። የፍሬት ሰሌዳችሁ በጣም የተጎበጠ ከሆነ ግን እኩል ምሰሶ መሃል ያሉትን ክሮች ሊያደክማቸው ይችላል፣ እዚህ ላይ አስቡበት።

ልክም አለ። ከመጀመሪያው ምሰሶ መሃል እስከ ስድስተኛው መሃል በማስመሪያ ለኩ። 52 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፣ ርካሽ ጊታሮች ላይ ግን 50 ወይም 48 ይገኛል። ሽፋኑም ላይገባ ይችላል።

ያልጠበቅኩት ነገር የተገኘው በመልቲሜትር ነው። የቮልዩሙን ፖት (ከኖቡ ሥር ያለውን ተለዋዋጭ ሬዚስታንስ) ስለካው 500 ኪሎ ኦም ሆኖ ተገኘ! ለሲንግል ኮይል የተለመደው 250 ነው። 500 ከላይ ያለውን ድምፅ ስለማያፍን የሹልነቱ ትልቁ ክፍል ከዚህ ነበር የሚመጣው። ሦስቱንም ፖት ቀየርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ፒክአፕ ከመግዛቱ በፊት ፖቱን ለክተህ ቀይረህ ስማው ነው የምለው። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ያቆም ነበር።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። የነበረውን ሽቦ ፎቶ አንሱ። የጊታሩን አካል በጨርቅ ሸፍኑ፣ የቀለጠ ሶልደር ቀለሙን ያበላሻል። ሽቦውን ከማገናኘታችሁ በፊት ጫፉን ሶልደር ቀቡት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በድሮው አሠራር የተሠራ ፒክአፕ ላይ ምሰሶውን በጣት አትግፉ። ሽቦው የተጠመጠመው በቀጥታ ማግኔቱ ላይ ስለሆነ ይበጠስና ፒክአፑ ይሞታል። ክር ሳትገጥሙ በፊት ከአምፕ ጋር አገናኝታችሁ ምሰሶዎቹን በካቻቪቴ ነካ ነካ አድርጉ፤ የሚሠራውና የማይሠራው እዚያው ይለያል።

ፒክአፖቹን ከተለያየ አምራች የምትቀላቅሉ ከሆነ ፌዛቸው (የድምፅ ሞገዳቸው አቅጣጫ) ላይገጥም ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትከፍቱ ድምፁ ቀጥኖ ባዶ ከሆነ የአንዱን ሁለት ሽቦ አቀያይሩ። ብሪጁ ላይ እንደኔ ሳህን ካለ ግን ሳህኑ ከግራውንዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን መነጠል አለባችሁ፤ ወይም ሌላኛውን ፒክአፕ ቀይሩት፣ ይቀላል።

እግረ መንገዴን የብሪጁን ፒክአፕ ከቶን ኖቡ (ከላይ ያለውን ሹል ድምፅ ከሚቀንሰው) ጋር አገናኘሁት። በባህላዊው አሠራር ብሪጁ ቶን የለውም። ለምን እንደዚያ እንደተተወ እስካሁን አይገባኝም፣ ከሦስቱ ቶን የሚያስፈልገው እሱ ነው። አንድ አጭር ሽቦ ነው የፈጀው።

እምምታው፣ ማለትም ከጀርባ የሚሰማው «እምም» የሚል ድምፅ፣ አለ፣ አልጠፋም። ሲንግል ኮይል የመብራቱን 50 ወይም 60 ኸርዝ ይይዛል፤ ውስጡን በመዳብ ቴፕ መሸፈን ጩኸቱን ቢቀንስም ይቺን አያጠፋትም። ሁለት ጥምጥም የተደራረበባቸው ጸጥ ያሉ ፒክአፖች አሉ፣ እኔ ግን የሰማኋቸው ትንሽ ጠፍጠፍ ያሉ መሰሉኝና ተውኳቸው። የመሃሉ ፒክአፕ ጥምጥሙም ማግኔቱም የተገለበጠ ስለሆነ የፒክአፕ መምረጫው 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ (የመሃሉ ከሌላው ጋር አብሮ ሲከፈት) እምምታው ይጠፋል። ስቀዳ እነዚያን እጠቀማለሁ። ብሪጁ ብቻውን የግድ ከሆነ ከአምፑና ከኮምፒውተሩ ራቅ ብዬ እምምታው እስኪቀንስ ድረስ ወንበሬን አዞራለሁ።