ሁለት ጎን፣ አንድ ዘዌ፣ ሁለት ጎነ ሦስት

ፈተና ላይ ተማሪው የሁለት ጎነ ሦስቶች ሁለት ጎንና አንድ ዘዌ እኩል መሆናቸውን ካየ፣ ዘዌው የት እንዳለ ሳይመለከት «ጎን-ዘዌ-ጎን፣ ስለዚህ ይገጣጠማሉ» ብሎ ይጽፋል። ጎን-ዘዌ-ጎን የሚሠራው ዘዌው በሁለቱ ጎኖች መካከል ሲሆን ብቻ ነው። ጎን-ጎን-ዘዌ፣ ማለትም ዘዌው በሁለቱ መካከል ያልሆነበት፣ «አይሰራም» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይህን ስህተት አያስቀረውም። ለምን እንደማይሰራ በገዛ እጁ ስሎ ካየ ግን አይረሳውም። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ጥሩ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ሀለ 8 ሳ.ሜ.፣ ዘዌ ሀ 30 ዲግሪ፣ ለመ 5 ሳ.ሜ.። መጀመሪያ ሀለ ይሰመራል። ከሀ ላይ 30 ዲግሪ ተለክቶ ጨረር ይወጣል፤ ከ11 ሳ.ሜ. ካጠረ ትምህርቱ ይበላሻል። ከዚያ ኮምፓሱ 5 ሳ.ሜ. ተከፍቶ ሹሉ ለ ላይ ይተከልና ቅስት ይሳላል። ቅስቱ ጨረሩን የቆረጠበት ነጥብ መ ይባላል።

አሁን «ሀመ ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንዱ 3.9 ይላል፣ ሌላው 9.9። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መምህሩ ግን ቶሎ ባይናገር ይሻላል፣ ትንሽ ይከራከሩ። ብዙዎቹ ቅስቱን ያሳጠሩት አንድ መልስ ብቻ ስለጠበቁ ነው። ቅስቱን አስረዝመው እንዲስሉ ሲነገራቸው ሁለተኛው ነጥብ ይወጣል፤ ለሀ የቀረበውን መ፣ ሩቁን ረ እንበለው።

ሌላ ቁጥር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮትራክተሩ ነው። ዘዌው 32 ዲግሪ ከሆነ ሩቁ ነጥብ ከ9.9 ወደ 9.4 ይወርዳል፤ ይህ የሚሆነው የዜሮውን መስመር ትቶ የፕላስቲኩን ጠርዝ ሀለ ላይ ለሚያስቀምጥ ተማሪ ነው። ቅስቱ ጨረሩን ጭራሽ ካልነካ፣ የተሳሳተውን ረድፍ አንብቦ 150 ዲግሪ ስሏል ማለት ነው። ሰሌዳ ላይ ሁሉም ነገር በ10 ይባዛል። በኮምፓስ ፋንታ ክር መጠቀም አይበጅም፣ እየሳበ ይረዝማል፤ በ50 ሳ.ሜ. ርቀት የተበሳ ካርቶን ይሻላል።

ምክንያቱ ያለው ለ፣ መ እና ረ መካከል ነው። ለመ እና ለረ ሁለቱም 5 ሳ.ሜ.፣ መረ ደግሞ 6 ሳ.ሜ. ነው። ከለ ወደ ጨረሩ የሚወርደው ቀጤ ነክ መስመር የ8 ግማሽ፣ 4 ሳ.ሜ. ሲሆን መረን 3 እና 3 አድርጎ ይከፍላል። ትልቁ ጎነ ሦስት (ሀለረ) ከትንሹ (ሀለመ) የሚበልጠው በዚህ ሁለት ጎኑ እኩል በሆነ ጎነ ሦስት ልክ ነው። የእሱ መ እና ረ ላይ ያሉት ዘዌዎች እኩል ስለሆኑ፣ መ ላይ ያለው የትንሹ ዘዌና ረ ላይ ያለው የትልቁ ዘዌ ድምር 180 ይሆናል፦ 126.9 እና 53.1።

ጊዜ ከተረፈ የለመን 5 ሳ.ሜ. ብቻ እየቀያየሩ ያስሉ። በ3.5 ጎነ ሦስት አይገኝም። በ4 አንድ ብቻ ይገኛል፣ እሱም 90 ዲግሪ ያለው። በ8 አንደኛው መቁረጫ ራሱ ሀ ስለሚሆን የሚቀረው አንድ ነው፤ ከዚያ በላይም አንድ ነው።

ይህ ሥዕል የሣይን ሕግ (በአንድ ጎነ ሦስት ውስጥ እያንዳንዱ ጎን ከፊቱ ላለው ዘዌ ሣይን ሲካፈል ውጤቱ እኩል ነው የሚለው) ሲመጣ እንደገና ያስፈልጋል። 8 ሲባዛ በሣይን 30፣ ለ5 ሲካፈል 0.8 ነው፣ ይህም ከ8ቱ ጎን ፊት ያለው ዘዌ ሣይን ነው፤ ካልኩሌተሩ 53.1 ብቻ ያሳያል። ተማሪው 53.1ን ከ180 ቀንሶ 126.9ን ማግኘት፣ ከ30 ጋር ደምሮ 156.9 ከ180 ማነሱን ማየት፣ ከዚያም ሁለቱንም መልስ መጻፍ አለበት።