ወደ ቁሰይር፦ ፎስፌቱ ውስጥ የቀረው ዩራኒየም

በግብፅ ከቂፍጥ ከተማ ተነስቶ የናይልን ሸለቆ ወደ ኋላ ትቶ ወደ ቀይ ባህር የሚወስደው መንገድ በዋዲ ሐማማት በኩል ያልፋል። ግራና ቀኙ ጠቆር ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ፈርዖኖች ለሐውልትና ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ድንጋይ ያስፈልጡ የነበረው ከዚህ ነው። በራምሴስ አራተኛ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1150 ገደማ፣ አንድ ሰው ይህን ሸለቆ በፓፒረስ ላይ ሥሎ ኮረብቶቹን እንደየድንጋያቸው ዓይነት በተለያየ ቀለም ቀብቷቸዋል። ፓፒረሱ ዛሬ ቱሪን ሙዚየም ውስጥ ነው። ሥራዬ ድንጋይ ነውና ሳልወርድ ማለፍ አልሆነልኝም። መኪናውን አስቁሜ እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ጥቂት ቆየሁ።

"ባሽሙሃንዲስ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንድረስ" አለኝ ሾፌሩ። ለመሐንዲስ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እኔን ከጠዋት ጀምሮ በሌላ ስም አልጠራኝም።

የሄድኩት ከቁሰይር ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለውን የዱዊ ተራራ ፎስፌት፣ ማዳበሪያ የሚሠራበትን ድንጋይ፣ በውስጡም ያለውን ዩራኒየም ለማየት ነው። ፎስፌት እዚህ መውጣት የጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በጣሊያኖች ነው። የሚጠብቁኝ አዛውንት ጂኦሎጂስት ዕድሜያቸውን በእነዚህ ጉድጓዶች መካከል የጨረሱ ሰው ናቸው። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው "መለኪያህን አብራና ከታች ጀምር፤ ድንጋዩ ራሱ ይነግርሃል" የሚል ነበር።

ከታች ቀይና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ፣ ሼል የሚባል ከጭቃ የተሠራ ስስ ንብርብር ድንጋይ አለ። ከድንጋይ የሚወጣውን ጨረር የሚቆጥረው የጋማ መለኪያዬ እዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ጥቂት ሜትር ወጥቼ ግራጫ ወደ ቡኒ የሚያደላው የፎስፌት ንጣፍ ላይ ሳስጠጋው ቁጥሩ ወዲያው ዘለለ። ኦይስተር የሚባሉት የባህር ዛጎሎች የተከመሩበት የኖራ ድንጋይ ላይ ስደርስ ደግሞ ወረደ። ቀጣዩ ፎስፌት ላይ እንደገና ወጣ። ዓይኔን ጨፍኜ በቁጥሩ ብቻ የንጣፎቹን ድንበር መናገር እችል ነበር።

አንድ ቁራጭ በመዶሻ ሰበርኩ። ከትኩሱ ስብራት የበሰበሰ ነገር ሽታ ወጣ፤ 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተዘግቶ የኖረ የባህር ወለል ጭቃ ሽታ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ድንጋዩ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ድቡልቡል ፍሬዎች፣ የዓሣ አጥንት ስብርባሪና ሹል የሻርክ ጥርስ የተጣበቁበት ነው። ጥርሱ አሁንም እንደ ሸክላ ያብረቀርቃል።

ያ ጥርስ ሻርኩ አፍ ውስጥ ሳለ ዩራኒየም አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሁሉም የገባው ከሞት በኋላ ነው። ኦክስጅን ባለበት የባህር ውሃ ውስጥ ዩራኒየም ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ሟሙቶ ይኖራል፤ በአንድ ቶን ውሃ 3.3 ሚሊግራም ያህል ብቻ። የባህሩ ወለል ግን በሞቱ ፍጥረታት የተሞላ ስለነበር ብስባሹ ኦክስጅኑን ጨረሰው። እዚያ ዩራኒየሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ባለ አራት ቻርጅ ሆነ፤ በዚህ መልኩ በውሃ አይሟሟም። መጠኑም ከካልሲየም አዮን ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ አጥንቱና ፍሬዎቹ የተሠሩበት አፓታይት የተባለ ማዕድን ውስጥ የካልሲየምን ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

በዓለም ላይ ያሉ የባህር ፎስፌቶች ብዙውን ጊዜ በቶን ከ50 እስከ 200 ግራም ዩራኒየም ይይዛሉ። 100 ግራሙን ብንወስድ 30,000 ቶን የባህር ውሃ የሚይዘው ዩራኒየም አንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ተሰብስቧል ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሠርቼ ቀና ስል ያ ደረቅ ተራራ ሌላ ሆኖ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ተሳሳትኩ። ጠባብ የቁፋሮ ቦይ ውስጥ ገብቼ ከጠዋቱ በእጅጉ የበለጠ ቁጥር አገኘሁና በደስታ ተጣራሁ። አዛውንቱ ቀስ ብለው መጡ፤ መለኪያውን አላዩትም፣ ያዩት የቆምኩበትን ነው። "ግራህም ቀኝህም ፎስፌት ነው፣ ልጄ። ከሁለት ወገን ይተኩስብሃል። ውጣና ሜዳው ላይ ድገመው።" ደገምኩት፤ ቁጥሩ ወደ ጠዋቱ ተመለሰ።

"እሺ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ያለውን ልመነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እሱንም በግማሹ።"

ልክ ናቸው። መለኪያው የሚሰማው ጨረር አብዛኛው የዩራኒየሙ የራሱ ሳይሆን ዩራኒየም ጨረር እየለቀቀ ሲፈራርስ በተከታታይ ከሚወለዱት ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ከቢስሙዝ 214 ነው። ኦክስጅን ያለው ውሃ በስንጥቁ ሲገባ ዩራኒየሙን እንደገና አሟሙቶ ሊወስደው ይችላል። በማዕከላዊ ዮርዳኖስ በኖራማው ድንጋይ ላይ የሚታየው ቢጫ የዩራኒየም ማዕድን እንዲህ ከተጓዘ በኋላ ያረፈ ነው። ዩራኒየሙ ሲሄድ ግን ከእሱ የተወለደው ቶሪየም 230 በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ እዚያው ይቀራል፣ ቢስሙዝ 214 የሚመጣውም በእሱ በኩል ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ፈራርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 75,000 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለቆ የወጣ ቤት ውስጥ መብራቱ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሊበራ ይችላል። ናሙና ሳይወስድ በጋማ ንባብ ብቻ የዩራኒየም ካርታ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ።

ወደ አሮጌዎቹ ዋሻዎች አልገባንም። አየር የማይዘዋወርበት የፎስፌት ዋሻ ውስጥ ራዶን፣ ከዚያው ከዩራኒየም ትውልድ የሆነ ጨረር የሚለቅ ጋዝ፣ ይጠራቀማል። እዚያ ውስጥ አቧራውን እየዋጡ የቆፈሩትን ሰዎች እያሰብኩ አፉ ላይ ቆምኩ። ከመሬት ከወጣም በኋላ ነገሩ አያበቃም፤ ፎስፌቱ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ አብዛኛው ዩራኒየም ወደ ፎስፈሪክ አሲዱ፣ ከዩራኒየም የሚወለደው ራዲየም አብዛኛው ደግሞ ተረፈ ምርት ሆኖ ወደሚከመረው ጂፕሰም ይሄዳል። የዚያ ክምር ጉዳይ ከዩራኒየሙ የበለጠ ያሳስበኛል።

ማታ ቁሰይር፣ የባህሩ ድምፅ በመስኮት እየገባ፣ ናሙናዎቹን ፈጭቼ በትናንሽ ቆርቆሮዎች ሞላኋቸው። ራዶን ጋዝ ነው፤ ካመለጠ ከእሱ የሚወለዱት ሁሉ፣ ቢስሙዝ 214 ጭምር፣ ይጎድላሉ። ስለዚህ ራዶኑና ከእሱ የሚወለዱት እንደገና ተጠራቅመው እስኪስተካከሉ ቆርቆሮው አየር እንዳያስወጣ ታሽጎ አንድ ወር ያህል መቆየት አለበት፤ ላቦራቶሪው የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኖቹን ዙሪያቸውን በሲሊኮን ዘጋሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩባቸው። የሻርኩን ጥርስ ግን ለብቻው አሸግኩት።