የቀመሯ ጨረቃ እና የሰማይዋ

በግእዝ «ሐሰበ» ማለት አሰበም ነው፣ ቆጠረም ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚሰላበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር፣ በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ያለው «ሐሳብ» ቁጥሩ ነው። ሐሳብ እውነታን ይገልጻል ወይስ ወክሎት ብቻ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ሲመላለስብኝ፣ ከፍልስፍናው ይልቅ ይህን ቀመር መሥራት ይቀለኛል።

የ2018ን እንሥራ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 እና 2018 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ትተን ወንበሩ (ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ) 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴ፣ ማለትም የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚተርፈው ቀን፣ 12። እንደገና 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ማባዛቱ ላይ ስሕተት አለ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ (በቀመሩ የአይሁድ አዲስ ዓመት) መስከረም 18 ይውላል፤ ቢያንስ ኖሮ ጥቅምት ላይ ይውል ነበር። (ልክ 14 ቢሆንስ? አይሆንም፤ ከ19ኙ ወንበሮች በአንዱም 14 አይወጣም።) መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7፤ ሲደመር መባጃ ሐመሩ (ጾመ ነነዌ የሚገኝበት ቁጥር) 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። በዚያ ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 69 ስንጨምር 94፤ ሦስት ወር (90 ቀን) ሲነሣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

ጀማሪን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የዕለት ተውሳክ ነው፤ ከቅዳሜ 8 ተነሥቶ እየወረደ ዓርብ ላይ 2 ይደርሳል። ዕለቱም የበዓለ መጥቅዕ ዕለት እንጂ የዘመን መለወጫው አይደለም። ሌላው ጣጣ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ነው። የ2017 መጥቅዕ 29፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፣ ድምሩ 33። 30ውን ገድፎ ወሩን ማሳለፍ የረሳ ሰው ጥር 3 ይላል፤ ነነዌ ግን የካቲት 3 ነበር።

እስካሁን ሰማይ ያየ የለም። መጥቅዕ መለከት ነው፤ የአይሁድ አዲስ ዓመት የሚታወጅበት መለከት። ቀመራችን ለ2018 መስከረም 18 ሲል፣ አይሁድ በራሳቸው አቆጣጠር አዲስ ዓመታቸውን ያከበሩት መስከረም 13 ነው። ከትንሣኤ በፊት የሚቆጠረው ሙሉ ጨረቃም በድሮው የእስክንድርያ ሠንጠረዥ መጋቢት 28 ላይ ሲወድቅ፣ የሰማይዋ የሞላችው መጋቢት 24 ነው።

ምክንያቱ ይታወቃል። 19 ዓመት፣ እያንዳንዱ 365 ቀን ከሩብ፣ 6939.75 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ የሚገቡት 235 የጨረቃ ወሮች 6939.69 ቀን ገደማ ይሆናሉ። ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በ308 ዓመት ገደማ ግን ሙሉ ቀን ይሆናል። ከኒቅያ ጉባኤ፣ ከ325 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ፣ አምስት ቀን ያህል ተከማችቷል። ፀሐይም ብትሆን በየዓመቱ 11 ደቂቃ ያህል ታመልጠናለች፤ ይህ ግን ሌላ ቀን የሚጻፍ ነው።

ስለዚህ «ቀመሩ የጨረቃን አካሄድ ያሳያል» የሚለው መምህርም፣ «ከጨረቃ ስለማይገጥም ስሕተት ነው» የሚለው ተቺም አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። 11ን የሰጠችን ሰማይ ናት፤ ከ365 ላይ የጨረቃ ዓመት 354 ሲነሣ የሚተርፍ ነው። እዚህ ድረስ ገለጻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውክልና ነው። ወኪል ባለቤቱን መምሰል የለበትም፤ በስሙ ሲፈርም ፊርማው ከጸና ይበቃል። ጎንደር ያለውም ዋሽንግተን ያለውም ኢየሩሳሌም ያለውም ሳይደዋወሉ በአንድ ቀን ጾም የሚይዙት በዚህ ወኪል ነው። ጨረቃን በዓይን አይቶ ጾም የሚይዝ ሰማዩን ራሱን ይጠይቃል፤ ዋጋውም ደመና በመጣ ቁጥር የአንድ ቀን ልዩነት ነው። የትኛው ይሻላል አልልም። ሥራቸው ይለያያል።

ውክልናው በግልጽ የሚታይበት አንድ ስፌት አለ። 11 በ19 ሲባዛ 209 ነው፤ በዑደቱ ውስጥ የሚጨመሩት ሰባት ባለ 30 ቀን ወሮች ግን 210 ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ጎደለ። አበቅቴ ዓመት ዓመት በ11 ሲያድግ ቆይቶ ዑደቱ ሲዘጋ በ12 የሚዘለው ይችን ቀን ለመሙላት ነው። ከ2005 ወደ 2006 ሲታለፍ ይኸው ሆኗል። ቀጥሎ የ2024 ወንበር 18፣ አበቅቴው 18 ነው፤ 29 ይሆናል ብለን ስንጠብቅ የ2025 አበቅቴ አልቦ ይሆናል፣ መጥቅዑም 30። በዚያ ሌሊት ወደ ላይ የሚያይ ሰው ምንም የዘለለ ነገር አያገኝም።