ለአባቴ ቮልስ ቀለም ስመርጥ

የአባቴ ቮልስ ቀለም ልትቀባ ነው። የባቲላሜራው ሥራ አልቋል። የበሰበሰው ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበይዶለታል፤ ፓራፋንጎዎቹ፣ ማለት የጎማ ሽፋኖቹ፣ ወልቀው ግድግዳ ተደግፈዋል። የቀረው የኔ ውሳኔ ነው፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ታናሽ ወንድሜ ጥቁር ሜታሊክ፣ ሰፋፊ ቸርኬ፣ የጠቆረ መስታወት ይለኛል። ጎረቤታችን ነጭ ይሻላል ይላሉ፣ ለመሸጥ ይመቻል ብለው። የምትሸጥ መኪና ግን አይደለችም። እናቴ «እኔ የማውቃት ቀይ ሆና ነው» አለችና ዝም አለች። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው።

ቀይ ያስቀባት አባቴ ነው። በደሴ ፒያሳ ስታልፍ ሰው ከሩቅ በቀለሟ ያውቃት ነበር። ግን የድሮ ቀይ ፀሐይ አይችልም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርድ አለ፣ ጉም አለ፤ ሰማዩ ሲገለጥ ደግሞ ፀሐዩ አይጣል ነው። ጣሪያውና ኮፈኑ ገርጥተው ሮዝ ሆነዋል። በሩን ከፍቼ ጠርዙን ሳየው ግን ያው የአባቴ ቀይ ነው።

ቀለም ቀቢያችን ሐጂ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ካታሎግ አላሳዩኝም። «አብሽሪ ልጄ፤ መጀመሪያ መኪናዋን እንጠይቃት» አሉና ከበሩ በታች መዳፍ የምታህል ቦታ በብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነኩ፣ ማሸት ጀመሩ። ቀዩ ሳሳ። ከሥሩ ነጭ ቀለበት ብቅ አለ። በነጩ ውስጥ ውሃ ሰማያዊ፣ ከእሱ ቀጥሎ ግራጫ መሠረት፣ መሐል ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት። የመኪናዋ ዕድሜ በሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ተዘርግቶ አየሁት።

የኋላ ወንበሩን አንስተን የሻንሲ ቁጥሯን አነበብን። 118 ብሎ ይጀምራል። የፊቶቹ ሁለት ቁጥሮች ዓይነቷን፣ ሦስተኛው ደግሞ በፈረንጆቹ የ1968 ሞዴል መሆኗን ይናገራሉ። ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ከሚቀባቸው ቀለሞች አንዱ ዜኒት ብሉ ይባላል፤ ቁጥሩ ኤል 639 ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ፀሐይም ሌላ ቀለም ቀቢም ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ያ ሰማያዊ እስከ ዛሬ አለ። ሐጂ በፖሊሽ ወልወል አደረጉትና አበራ። ለማመሳሰል ከዚህ ነው የሚወሰደው አሉኝ፤ ፀሐይ ያደረቀውን ይዞ ሱቅ የሄደ ሰው የገረጣ ቀለም አስቀምሞ ይመለሳል።

ልቤ እዚያው ወሰነ። ሜታሊክ አልፈልግም። የቮልስ ውበቷ ክብነቷ ነው። ሜታሊክ ሲያብለጨልጭ ዓይን ብልጭታውን ይከተልና ቅርጿን ይረሳል። ደፈን ያለ ቀለም ግን ከጣሪያው እስከ ኋላ የሚወርደውን መስመር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ያም ሆኖ ጥፍር በምታህል ናሙና ቀለም አይመረጥም። ሐጂ አንድ አሮጌ ኮፈን ቀብተው ሰጡኝ። ጠዋት የደሴው ተራራ ጦሳ ጉም ለብሶ ሳለ ደጅ አቆምኩት። ግራጫ መሰለኝ፤ ደነገጥኩ። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲነሳ ሰማያዊነቱ ተመለሰ። ኮምቦልቻ ወስጄ እኩለ ቀን ላይ ሳየው ደግሞ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደስ ያለኝ አመሻሽ ላይ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የጠራ ሰማያዊ ሆነ። ይህች መኪና የኖረችው ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድና ስትወጣ ነው። በሁለቱም ከተማ ብርሃን ማማር አለባት። ሐጂ ትንሽ ጠቆር እናድርገው ወይ ብለውኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ፋብሪካው የሰጣት ይበቃታል።

የምትቀባው ኮምቦልቻ ነው። ቲነር ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዝና ቀለሙ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። በደሴ ጉም ይሄን መድፈር አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ናት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ተናግሬያለሁ፤ ማጠንከሪያ የሚገባበት ቀለም ሳንባ ይጎዳልና ለሐጂና ለረዳታቸው ደህና ማስክ ሳይገዛ ሥራው አይጀመርም።

ከዚያ ወደ ጥቃቅኑ። በፓራፋንጎና በቦዲው መሐል የምትገባ ቀጭን ላስቲክ አለች። ብዙ ቦታ ከነላስቲኳ ይረጩባታል። ቀለሙ እዚያ ላይ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፤ ዝገትም ከዚያ ይነሳል። ፓራፋንጎዎቹን ያስወለቅኳቸው ለዚህ ነው። ላስቲኳ አዲስና ጥቁር ትሆናለች። ቸርኬው ክሬም፣ ክዳኑ ኒኬል። ወንድሜ ድርብ ቱቦ ያለውን የድሮ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ይመኛል። በ1968 ሞዴል ግን የፊት መብራቷ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራውልቷም ቀጥ ያለና ከፍ ያለ ሆነ። ያኛው የሌላ ዘመን ፊት ነውና አይገጠምላትም። ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላም ይቅር፤ የጣሪያዋን ቅርጽ ይሸፍናል።

ዳሽቦርዱ ብረት ስለሆነ ከውጭው ጋር አንድ ቀለም ይሆናል። የኪሱ ክዳን ውስጡ ግን ቀይ ሆኖ እንዲቆይ አዝዣለሁ። እናቴ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትቀመጠው፤ መነጽሯንም ከዚያ ኪስ ነው የምታወጣው። ዛሬ ማታ ቡና ላይ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ሰማያዊም ያምርባታል» አለች። «ክላክሷን ብቻ እንዳትነኩብኝ።»