ከመብራቱ ስር የተገኘው ቀይ

ሰሞኑን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ አሮጌ ትራክተር ፊት ቆሞ "ቀይ አይደል? ቀይ ገዝቼ ልምጣ?" ሲለኝ ክው አልኩ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ እኔም በሱ ዕድሜ ቃል በቃል እንደዛ ነበር ያልኩት። ያንን ብዬ የገባሁበትን ነገር ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም፣ ቀለም ላይ ላላችሁ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

2004 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው፣ አሰላ። ጋራዥ ገብቼ የቀለም ሽጉጥ ከያዝኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፣ የመኪና በር የመኪና ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛውን) እቀባለሁ፣ ትራክተር ግን ነክቼ አላውቅም። ከኢተያ በኩል አንድ ሽማግሌ ማሴ ፈርጉሰን 135 እየነዱ መጡ። ይቺ 135 የምትባለዋ ትንሿ ማሴ ናት፣ ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ያላት፣ በፈረንጆቹ ከ1964 መጨረሻ እስከ 1975 ድረስ የተሠራች፣ ኮፈኗና ፓራፋንጎዋ ቀይ፣ ሞተሯና ካምቢዮዋ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ቸርኬዋ ብርማ። ሽማግሌው መንግሥት እርሻ ላይ ሾፌር ሆነው የነዷት ናት፣ ኋላ ንብረቱ ሲሸጥ ተጫርተው ገዟት። የበልጉ እርሻ ከመጀመሩ በፊት ቀለሟ እንዲታደስ ፈለጉ። "እንደ ድሮዋ አድርግልኝ ልጄ" ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ የሰማሁት "ቀይ ቀባልኝ" ብለው ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበላችሁ፣ የአርሲ አሮጌ ትራክተር እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም። በንጉሡ መጨረሻ ዓመታት፣ ካዱ የሚባለው የጭላሎው ልማት ድርጅት በስዊድኖች እርዳታ በተቋቋመበት ሰሞን የስንዴው መሬት በትራክተር መታረስ ተስፋፋ፣ ከዛ በ1967 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ሰፋፊ እርሻዎቹ ወደ መንግሥት ዞሩ፣ ትራክተሮቹም አብረው ዞሩ፣ ደርግ ሲወድቅ ደግሞ እንደገና ወደ ሌላ እጅ። ባለቤት በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰው ያገኘውን ቀለም ይቀባዋል። ስለዚህ ከላይ የምታዩት ቀለም የትራክተሩ ቀለም ላይሆን ይችላል።

እኔ ግን ይሄ ፊቴ ላይ ወጥቶ እያለ አላየሁትም! ኮፈኑን ስሸረሽረው ቀለበት ቀለበት እየሆነ ወጣ፣ ላዩ ብርቱካን የሚመስል የበርና የመስኮት ቀይ፣ ከሱ ስር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ስር ቡናማ አንቲረስት (ዝገት እንዳይዝ መጀመሪያ የሚቀባው)፣ ከዛ ላሜራው። የፋብሪካው ቀይ የለም። ከኔ በፊት የነበረ ቀቢ እስከ ብረቱ ፍቆት ነበር ማለት ነው። ያኔ ነበር ቆም ብዬ "ታዲያ ዋናው የታል?" ማለት የነበረብኝ፣ እኔ ግን ሥራውን የሚያስተምረኝ ማስተሬ ለቅሶ ሄዶ ሦስት ቀን ስለማይመጣ እስኪመለስ ጨርሼ ላሳየው ብዬ በጣም ቸኩያለሁ። ከኮፈኑ ላይ ያን ብርቱካንማ ቀይ አየሁና እሱን የሚመስል ለመበጥበጥ ተነሳሁ።

አበጣጠሬን ልንገራችሁ። ማታ ነው፣ ፍሎረሰንት ስር። ለኮፈኑና ለሁለቱ ፓራፋንጎ ሁለት ሊትር ተኩል አካባቢ ይበቃል ብዬ ገምቻለሁ፣ ነገር ግን ከተረፈ ይባክናል ብዬ መጀመሪያ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ በጠበጥኩ። ቀይ ሲንቴቲክ (ያ የተለመደው የዘይት ቀለም)፣ ትንሽ ቢጫ፣ በዓይኔ ግምት። ደማቅ ሲሆንብኝ ላጠቁረው ብዬ ጥቁር ጠብ አደረግኩበት፣ ጥቁር ደግሞ ቀይ ውስጥ ሲገባ አያጠቁረውም፣ ወደ ቡና ነው የሚወስደው። ቡና ሲመስለኝ መልሼ ቢጫ። በዚህ ኮፈኑን ቀባሁ፣ አለቀ፣ ለፓራፋንጎው ሌላ አንድ ሊትር እንደገና በዓይኔ በጠበጥኩ። መብራቶቹንም አልፈታኋቸውም፣ ዙሪያቸውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ነው የነፋሁት። ማታ ሳየው አንድ ዓይነት ነው፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ግቢው ውስጥ አውጥተን ፀሐይ ሲያርፍበት ሁለት ትራክተር ነው። ኮፈኑ የተጠበሰ ጡብ፣ ፓራፋንጎው ብርቱካን። የቱቦው መብራትና የፀሐይ ብርሃን አንድ አይደሉም፣ በአንዱ ስር የሚመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ስር ሊለያዩ ይችላሉ፣ በተለይ የተሠሩበት ዱቄት ሲለያይ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ማታ ቀለም አይበጠብጥም።

ሽማግሌው በዛው ጠዋት "እስኪ እንዴት ሆነች" ብለው መጡ። ዞሯት። አንዴ ዞሩ፣ ሁለተኛ ዞሩ፣ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዛ "ቁልፍ አምጣልኝ" አሉኝ፣ ሰጠኋቸው፣ ግራ ፓራፋንጎው ላይ ያለውን መብራት ራሳቸው ፈቱትና አነሱት። ከስሩ የቡና ስኒ ቂጥ የምታክል ቦታ ላይ አንድ ቀይ አለ፣ እኔ ከቀባሁትም ከሁለቱም ያልሆነ፣ ጠለቅ ያለ፣ ንጹሕ ቀይ፣ ብርቱካንም ያልሆነ ቡናም ያልሆነ። ከኔ በፊት የቀቡት ሁሉ እንደኔ መብራቱን ሳይፈቱ ዙሪያውን ነው የቀቡት፣ ፀሐይም አላገኘው ዝናብም አላገኘው። "መጀመሪያ የተሰጠችኝ ቀን እንዲህ ነበረች" አሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመሩም፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ስህተቱ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሐፍረቱ አላስቀምጠኝ አለ፣ ማስተር ከመምጣቱ በፊት አስተካክለዋለሁ ብዬ በማግስቱ ያቺን ቀይ የሚመስል በጠበጥኩና፣ ቶሎ እንዲደርቅልኝ ደግሞ የሲንቴቲክ ማቅጠኛ በሆነው በአኳራጅ ፋንታ ኃይለኛ በሆነው በናይትሮ ቲነር አቅጥኜ፣ ገና ሁለተኛ ቀኑን ባልጨረሰው ሲንቴቲክ ላይ ነፋሁት። ዓይኔ እያየ ተነሳ። ኮፈኑ በሙሉ ተጨማደደ፣ ወተት ሲፈላ ስልባቦቱ እንደሚሰበሰበው ሆኖ። ለምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን ልንገራችሁ። ሲንቴቲክ የሚደርቀው ማቅጠኛው ስለተነነ ብቻ አይደለም፣ ከዛ በኋላ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ነው የሚጠነክረው፣ በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ነው። በዛ ሰዓት ጠንካራ ቲነር ስታሳርፉበት ላዩን ያሳብጠዋል፣ ስሩ አይከተለውም፣ ይሸበሸባል። በራሱ በሲንቴቲክ እንኳን ደግማችሁ ስትቀቡ ወይ በዛው ቀን በሰዓታት ውስጥ ነው፣ ወይ ቀናት ጠብቃችሁ በደንብ ሲጠነክር ነው፣ መሃሉ አደገኛ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አንብቡ። ከነጭራሹ ናይትሮን በሲንቴቲክ ላይ አትሞክሩት።

ማስተር ሲመጣ ኮፈኑን አየው፣ ፓራፋንጎውን አየው፣ መብራቱ ተነስቶ የታየችውንም ቀይ አየ። አልጮኸብኝም። "ይሄ ሁሉ ይወርዳል፣ እስከ ላሜራው" አለኝ፣ እጅጌውን ሰብስቦ አብሮኝ ጀመረ። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ልሸረሽር ስል እጄን ያዘኝና "በውሃ! ያንን ብናኝ የሚተነፍሰው ማን ነው? በር ላይ የሚጫወቱትን ሕፃናትስ አታያቸውም?" አለኝ። የድሮ ቀለም፣ በተለይ ቀይና ቢጫው፣ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ብናኙ ለልጆች ጭንቅላት ጠንቅ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ አሮጌ ቀለም በደረቁ ሸርሽሬ አላውቅም፣ እጥበቱንም መሬት ላይ አላፈሰውም፣ ጋዜጣ ላይ ሰብስቤ ነው የማስወግደው። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለውን ቀለም የምትነፉ ልጆች ደግሞ በሻሽ አፋችሁን ሸፍናችሁ አትመኑ፣ ያ ነገር ሳንባ ነው የሚይዘው፣ ቢያንስ ባለ ካርትሪጅ ጭምብል ካልሆነ ጥቅም የለውም።

ብረቱ ላይ ስንደርስ በሙቅ ውሃና በኦሞ አጠብነው፣ ከዛ በጨርቅና በአኳራጅ፣ ጨርቁን እየቀያየርን። ትራክተር ናፍጣና ግሪስ ጠጥቶ ነው የኖረው፣ ትንሽ ቅባት ከቀረ ቀለሙ ላይ ዓይን ዓይን እያለ ይሸሻል። አንቲረስት፣ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ) የሚያስፈልገው ቦታ ስቱኮ፣ ይሄን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

ቀለሙ ግን እንዲህ ነው የተሠራው፣ እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ማስተር ፓራፋንጎው ላይ ያቺን ቀይ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጎ በፖሊሽ አሻት፣ ከላይዋ ያለው አቧራና ዝገት ወርዶ እውነተኛዋ እስክትወጣ። ያቺን ቦታ እስከ መጨረሻው አልፋቅናትም፣ መለኪያችን እሷ ናት። ከዛ ከወተት ጣሳ ላይ ትንንሽ ቆርቆሮ ቆራረጠ፣ ሦስቱን ግራጫ አንቲረስት፣ ሦስቱን ቡናማ፣ ሦስቱን ነጭ ቀባ፣ ምክንያቱም ቀይ በደንብ አይሸፍንም፣ ስሩ ያለውን ያሳልፋል፣ ግራጫ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ነጭ ላይ ይደምቃል። ለካ እኔ ኮፈኑ ስር ቡናማ፣ ፓራፋንጎው ስር ግራጫ ነበር ያደረግኩት፣ አንድ ባልዲ ቢሆን እንኳን አንድ ቀይ አይሆንልኝም ነበር!

በጥብጦ ሲቀላቅል በሚዛን ነው። የቅመም ሚዛን ተበደረ፣ ማንኛውንም ጠብታ በግራም እየጻፈ። ጥቁር አልነካም፣ ማጠለቅ ሲፈልግ ቦርዶ (ጠቆር ያለ ቀይ) ነው የጨመረው፣ ወደ ሙቀት ሲፈልግ ጥቂት ብርቱካን። ሁልጊዜ ጠቆር ያለውን ፈካ ወዳለው፣ በጠብታ፣ በተቃራኒው ከሄድክ ባልዲ ሙሉ ቀለም ታባክናለህ አለኝ። በእያንዳንዱ ጭማሪ አንድ ቆርቆሮ ይቀባል፣ ይቀመጣል፣ ይደርቃል፣ እርጥቡን አይቶ አይፈርድም፣ ሲንቴቲክ ሲደርቅ መልኩ ይቀየራልና። የደረቀውን ፓራፋንጎው ላይ ካለችው ቀይ ጎን አስጠግቶ ጠዋት ያየዋል፣ ቀትር ላይ ያየዋል፣ ጥላ ውስጥ ገብቶ ያየዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ይሄን ብቻ ሠራን። ባለጋራዡ "ሁለት ቀን ለቀይ?" ብሎ ተናደደ፣ ማስተር መልስ አልሰጠውም።

ሰባተኛው ቆርቆሮ ላይ ድንበሩ ጠፋ። ጥላ ውስጥም ጠፋ፣ ፀሐይ ላይም ጠፋ። ሽማግሌው መጥተው ሲያዩት ጣታቸውን አንዴ ቆርቆሮው ላይ አንዴ ፓራፋንጎው ላይ አደረጉና ዝም ብለው ቆዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዛ ሦስት ሊትሩንም በአንድ ጊዜ በአንድ ባልዲ በጠበጥን፣ በሴት ስቶኪንግ አጣራን፣ የምንነፋውን በአኳራጅ አቀጠንን። የአሰላን ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጠዋት ጤዛው ላሜራው ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፣ ስለዚህ ከ4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ብቻ ነው የነፋነው፣ ግቢውን ውሃ ረጭተን፣ የኮምፕረሰሩን ውሃ አፍስሰን። መብራቶቹን ፈታን። ያቺን ስኒ የምታክለዋን ቦታ ብቻ ሸፈንናት፣ መብራቱ ሲመለስ ከስሩ ቀረች።

ሽማግሌው ሊወስዷት ሲመጡ ከተረፈው ቀለም አንድ ባለ ክዳን ጠርሙስ ጠየቁ። ማስተር ሞልቶ ሰጣቸው፣ የግራሙን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጽፎ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈው፣ "ዘቅዝቀው ያስቀምጡት አባባ፣ አየር እንዳይገባበት" አላቸው።

ከ6 ዓመት በኋላ ልጃቸው መጣ። ሽማግሌው አርፈዋል። በግ ለማትረፍ ሲል ትራክተሯን ከአጥር ጋር አጋጭቷት ቀኝ ፓራፋንጎዋ ተሰርጉዷል፣ ያንኑ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከፈትኩት፣ ላዩ ስልባቦት ይዟል፣ ስሩ ግን ደህና ነው። ቆርቆሮ ላይ ቀብቼ አድርቄ ፓራፋንጎው ጋ ሳስጠጋው አልገጠመም። ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆማ ቀይዋ ገርጥታለች። መብራቱን ፈታሁት፣ ከስሩ ካለችው ጋር ግን ልክ ነው።

ልጁን ጠርቼ ሁለቱንም አሳየሁት። የተጎዳውን ብቻ ከፈለግክ የገረጣውን የሚመስል ልበጥብጥልህ፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ አልኩት። ከመብራቱ ስር ያለችውን ቀይ ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት። አባቱ እንዳሳዩት አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም። "ሙሉዋን አድርጋት፣ በዚህኛው" አለኝ። ወረቀቱን ከጠርሙሱ ላይ በጥንቃቄ ላጥኩና ሚዛን ልበደር ወጣሁ።