ፒንግ ይመልሳል፣ ገጹ ግን አይከፈትም

የመሥሪያ ቤታችን ፋየርዎል (በውስጥ ኔትወርኩና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ የሚያልፈውን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ከአምራቹ የሚላክለት የደኅንነት ማሻሻያ ስለተቋረጠ በአዲስ እንዲተካ ሲወሰን፣ ሥራው ለኔትወርክ ክፍላችን ተሰጠ። ሠራተኞች ከወጡ በኋላ የአሮጌውን መሣሪያ ደንቦች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዛውረን፣ ገመዶቹን ቀይረን ሞከርን፤ ፒንግ (ሌላው ኮምፒውተር ይደረስ እንደሆነ የሚፈትን አጭር መልእክት) መልስ ሰጠ፣ ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ ፈታ፣ የከፈትናቸው ጥቂት ድረ ገጾችም ያለችግር መጡ። በማግስቱ ጠዋት ግን አቤቱታው ከየክፍሉ ጎረፈ። አንዱ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው አለ ይላል። አጭር ኢሜይል ይሄዳል፣ አባሪ ፋይል ያለው ግን ሳይላክ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ግማሽ ብልሽት ከሙሉ መቋረጥ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሚናገረው እውነት ሆኖ ሳለ እርስ በርሱ ይጋጫልና። በመጀመሪያ የተጠረጠረው፣ ኮምፒውተሮቹ የአሮጌውን መሣሪያ የማክ አድራሻ (የሃርድዌሩን መለያ ቁጥር) በኤአርፒ ሰንጠረዣቸው፣ ማለትም የጎረቤት መሣሪያዎችን አድራሻ በሚመዘግቡበት ዝርዝር፣ ይዘው ቀርተው ይሆናል የሚለው ነበር። ይሁን እንጂ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ፒንጉም ባልተመለሰ ነበር። ቀጥሎ ደንቦቹ ተጠረጠሩ፤ ጥበቃው ለጊዜው ሙሉ በሙሉ ይነሣ የሚል ሐሳብም ቀረበ። እኔ ይህን አጥብቄ ተቃወምኩ፤ ያው መልስ ከአንድ ኮምፒውተር ሊገኝ እየቻለ መላውን መሥሪያ ቤት ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ የሙከራ ኮምፒውተር ብቻ ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ደንብ ጻፍን። ችግሩ እንዳለ ቀጠለ።

በዚያው ኮምፒውተር ላይ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ዋይርሻርክን፣ አስነሥተን እምቢ ካሉት ድረ ገጾች አንዱን ለመክፈት ሞከርን። የቲሲፒ (ውሂብ ሳይጎድል እንዲደርስ የሚያደርግ የመላላኪያ ሥርዓት) ግንኙነት የሚመሠረትባቸው ሦስት ልውውጦች በትክክል ተጠናቀቁ፤ ኮምፒውተሩ የምስጠራ ጥያቄውን ላከ፤ ሰርቨሩም መቀበሉን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ መድረስ የነበረበት የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (የማንነቱ ማረጋገጫ) ግን አልደረሰም። የመጣው የመልሱ የመጨረሻ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ከፊቱ የነበሩት ትልልቆቹ መንገድ ላይ ጠፍተዋል። የአባሪ ፋይሎቹ አቤቱታ ትርጉም ያገኘው ያን ጊዜ ነው፦ ትንሹ ፓኬት (ውሂቡ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል።

ልኩን ለማወቅ፣ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል የሚያዝዘውን ምልክት አድርገን ፒንጉን በተለያየ መጠን ላክን። 1472 ባይት አላለፈም፤ 1464 አለፈ። በዚህ ላይ የአይፒ ራስጌ (ከፓኬቱ ፊት የሚቀመጥ የአድራሻ መረጃ) 20 እና ፒንግና የስሕተት ማሳወቂያዎች የሚላኩበት የአይሲኤምፒ ራስጌ 8 ባይት ሲደመሩ 1492 ይሆናል፤ ይህ የፒፒፒኦኢ (የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንበኛን በኢተርኔት ላይ የሚያገናኙበት ዘዴ) መስመር ልክ ነው። መደበኛው ኢተርኔት 1500 ባይት ሲሸከም፣ ፒፒፒኦኢ ከዚያ ላይ 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል። የእኛ መስመር ፒፒፒኦኢውን የሚያቋቁመው በአቅራቢው ሞደም ላይ ስለነበር፣ አዲሱ ፋየርዎል ከፊቱ ያለው መንገድ የጠበበ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1191፣ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጧል፦ መንገድ ላይ ያለ ራውተር ከልክ ያለፈና እንዳይከፋፈል የታዘዘ ፓኬት ሲደርሰው ጥሎት፣ ላኪው መጠኑን እንዲቀንስ በአይሲኤምፒ መልእክት ያሳውቀዋል። ነገር ግን አይሲኤምፒን ጠቅልሎ መዝጋት እንደ ጥንቃቄ ስለሚቆጠር መልእክቱ ብዙ ጊዜ ላኪው ዘንድ አይደርስም። የእኛም አዲስ ፋየርዎል ሞደሙ የሚልከውን ማሳሰቢያ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ይጥለው ነበር። ይህ ልማድ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ፒንግን መከልከል የፈለገ ፒንግን ብቻ ይከልክል። ያለችግር ይከፈቱ የነበሩት ድረ ገጾች ደግሞ ሰርቨሮቻቸው ከመነሻው አነስ ያለ ፓኬት የሚልኩ ነበሩ።

አሮጌው መሣሪያ ታዲያ ለምን ይሠራ ነበር? መጠባበቂያ ቅጂውን ከፍተን ስንመረምር፣ በውጭው ኢንተርፌስ ቅንብር ውስጥ የቲሲፒን ኤምኤስኤስ (አንድ ፓኬት ሊይዝ የሚችለውን የውሂብ ከፍተኛ መጠን) ወደ 1452 የሚያወርድ አንድ መስመር አገኘን፤ ከ1492 ላይ የአይፒና የቲሲፒ ራስጌዎች 40 ባይት ሲቀነሱ የሚቀረው ማለት ነው። ደንብ ስላልሆነ በደንቦቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ለምን እንደተጻፈ የሚገልጽ ማስታወሻም አልነበረውም። ይህንኑ በአዲሱ ላይ አስገብተን ማሳሰቢያውንም እንዲያልፍ ስንፈቅድለት፣ ገጾቹ ወዲያው መከፈት ጀመሩ፤ የተጠራቀሙት ኢሜይሎችም ወጡ።

የቀረው ከቅርንጫፍ ቢሮው ጋር የሚያገናኘን የአይፒሴክ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ነበር። ምስጠራው የራሱን ራስጌዎች ስለሚጨምር 1452 ለእሱ ይበዛል፤ ጭማሪው ስንት እንደሆነም በተመረጠው የምስጠራ ዓይነት ይወሰናል። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ቁጥር ከመዋስ ይልቅ በዚያው የፒንግ ዘዴ በቪፒኤኑ ውስጥ ለክተን፣ ጥቂት ትርፍ ትተን አስተካከልነው፤ ከቅንብሩም ጎን ምክንያቱንና የለካንበትን ትእዛዝ ጻፍን።