ማረሻ ያልገባበት ቦታ

መስከረም ላይ ዘመዶቼን ለመጠየቅ ወሎ ቦረና ሄጄ ሳለ በጤፍ ማሳ መካከል የቆሙ ጥቂት ያረጁ ወይራዎች አየሁና፣ የመሬቱን ባለቤት፣ በአካባቢው የሚከበሩ ሸህ ናቸው፣ ለምን እንዳልመነጠሩት ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ይኸ ኪዳነ ምሕረት የነበረችበት ነው፤ አባቴም አያቴም ማረሻ አላስገቡበትም፣ እኔም አላስገባም» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኗን ያየ ሰው በሕይወት የለም፤ አያታቸውም አላዩዋትም። ከወይራዎቹ ሥር ግን ማዕዘናቸው የተጠረበ ሦስት ድንጋዮች አሉ፤ አራተኛው በእርከኑ ውስጥ ከሌላው ድንጋይ ጋር ተክቧል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚሁ አገር የነበረችው የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን መካነ ሥላሴ ከሐሳቤ አልወጣችም። ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር በመካከለኛው ዘመን ቤተ አማራ ይባል የነበረና ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያሠሩበት ምድር ነበር። አፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። አፄ ናዖድ (1494–1508፣ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) መካነ ሥላሴን ጀምረው ሳይፈጽሟት ዐረፉ፤ የጨረሷት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ናቸው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዋናው በሯ ወርቅና ብር በሚመስል የብረታ ብረት ዝርግ ተለብጦ እንዳየ ጽፏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሁለተኛው ምስክር ማንነት ነው። የኢማም አሕመድን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ሆኖ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ፣ በ1531 ሠራዊቱ መካነ ሥላሴ በደረሰ ጊዜ፣ ኢማሙ አብረውት የነበሩትን ዐረቦች በሩም (በቱርክ) አገር ወይም በህንድ እንዲህ ያለ ሕንጻ አይተው እንደሆነ እንደጠየቃቸው፣ እነርሱም ከቶ አላየንም እንዳሉት ይተርካል። ከዚያ በኋላ ተቃጠለች። ውበቷን ከማንም አስበልጦ ያቆየልን ካቃጠላት ሠራዊት ወገን የነበረ ጸሐፊ መሆኑ ልቤን ይነካዋል።

እንዲህ ያለ ሕንጻ እንዴት ከዓይን ይሰወራል? ወርቁ ይገፈፋል፤ ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት ሲነድ ግንቡ ይከተለዋል፤ የተጠረበው ድንጋይ ለቤትና ለአጥር ይወሰዳል። ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ስሙ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኦሮሞዎች ወደ አካባቢው ሲገቡ ብዙ ቦታ አዲስ ስም ይዟል፤ ወሎም ቦረናም ከእነርሱ የመጡ ስሞች ናቸው። ስለዚህ በብራና ላይ ያለው ስምና ገበሬው የሚጠራው ስም ሳይገናኙ ዘመናት አልፈዋል፤ ፈላጊው ሁለቱን ለማገናኘት ከመጽሐፉ እኩል የማሳ ድንበር የሚያውቁ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይኖርበታል። ሸሁን የመሰሉ ሰዎች እያለፉ ሲሄዱ ግን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ ይህ በእውነት ያስፈራኛል።

በማግሥቱ ተመልሼ አራቱንም ድንጋዮች በክንድ ለካኋቸው። ሸሁ ሲመለከቱኝ ቆይተው «ድንጋዩን አትንካው፤ ስሟን ግን ጻፍልኝ» አሉኝ።